አልነድም ያለው የብሳና ግንድ

ቁጭ በሉ፣ እኔም ቁጭ ልበል። ይህ ተረት ሰሚውን ያስቀምጣል፣ ተናጋሪውን ያደክማል። እናንተ «እሺ» በሉኝ፣ እኔ እቀጥላለሁ፤ «እሺ» ያላለኝ ሰው ሄዶ እንጨት ፈልጦ ያምጣ!

በአንድ ዳገታማ አገር፣ በአንዲት ሳር ቤት ውስጥ፣ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል ነውና ወጉ፣ ልጇ ይታይሽ ሆዷ ሲገፋ ወደ እሷ መጣች። የይታይሽ ባል ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዷል። ምጡ ሲመጣ አዋላጅ ለመጥራት እንኳ ፋታ አልሰጠም። አንጓች ስትይዝ፣ ስትደግፍ፣ «ማርያም ማርያም» ስትል አድራ፣ ጎሕ ሲቀድ ሴት ልጅ በገዛ እጇ ተቀበለች። ጀርባዋ ለሁለት የተከፈለ መስሏታል። ይታይሽም ልጇን አቅፋ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እማ፣ ገንፎ አማረኝ» አለች።

ገንፎ ነው እንግዲህ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀች! ዱቄቱ አለ፣ ቅቤው አለ፣ በርበሬው አለ። የጠፋው እሳት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ምድጃውን ማን አስታወሰው?

ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ መንደሩም ቆጥሮ ይመጣል። አንጓች ግን አፏን ያዘች። «አሁን እልል ብል ሴቱ ሁሉ ይጎርፍብኛል» አለች ለራሷ። «በቀዝቃዛ ምድጃ ምን ላበላ ነው? እሳት የሌለበት አራስ ቤት ተብዬ ልቅር? አስቀድሞ እሳቱ፣ ከዚያ ገንፎው፣ ከዚያ እልልታው።» ልብ በሉልኝ፤ ስሕተቷ ይህች ናት።

ጎረቤትስ የላትም ወይ ትሉኛላችሁ። አላት እንጂ! ሙጪት አለች፤ በመካከላቸው ያለችው አንዲት አጥር ብቻ ናት። ሠላሳ ዓመት ፍም ሲጫጫሩ የኖሩ ሴቶች ናቸው። የአንዷ ምድጃ ሲጠፋ ሌላዋ በገል ፍም ታቀብላታለች። በሐምሌ ግን ነፋስ መጣና አጥሩ ላይ የቆመውን ብሳና ገነደሰው። አንጓች «ሥሩ በእኔ በኩል ነው» አለች። ሙጪት «የወደቀው በእኔ በኩል ነው» አለች። አንድ ሁለት ሲባባሉ ነገሩ ከረረ። አንጓች ግንዱን እያንከባለለች ወደ ደጇ ወሰደችው፣ ዞር ብላም «ማርያምን! ከእንግዲህ ካንቺ ምድጃ ፍም አልጭርም!» አለች። «እኔም ማርያምን! ሳልጠራ ደጅሽን አልረግጥም!» አለች ሙጪት። እንቁጣጣሽ መጣ፣ አለፈ። መስቀል መጣ፣ አለፈ። ሁለቱም መሐላቸውን እንደ ጥርስ ሕመም ይዘው ከረሙ። ለብሳና! ሲነድ ጭሱ ዐይን ለሚያጠፋ እንጨት!

እሺ በሉኝ። አንጓች አመዱን ገለጥ ገለጥ አደረገች፣ ሦስት ፍም አገኘች። በጉልበቷ ተንበርክካ፦

«እሳቴ፣ እሳቴ፣ ድስት አሙቅልኝ። አራስ ልጄን ገንፎ አማራት!» አለች።

እሳት አንድ ዐይኑን ብቻ ገልጦ አያት። «ምን በልቼ ነው የማሞቀው? ሌሊቱን ሙሉ ማን አጎረሰኝ? ደክሞኛል። ማገዶ አምጪልኝ።»

ማገዶ ፍለጋ ወጣች። ኩበቱ ክረምቱን ጠጥቶ ፈርሷል፤ ጭራሮው አልቋል። ደጅ ላይ ያለው ያ ብሳና ብቻ ነው፤ ዳቦ የሚያህል እንጉዳይ አብቅሎ ተጋድሟል። በድንጋይ መታ አደረገችው። ደረቅ እንጨት «ቀው» ይላል፤ ይሄ «ድም» አለ።

«ግንዴ፣ ግንዴ፣ ንደድልኝ። እሳት ድስት አላሞቅም አለ፤ አራስ ልጄን ገንፎ አማራት!» አለችው።

«አልነድም» አለ ግንድ። «ሆዴ ውስጥ ገና ሐምሌ ነው። እንዲሁ ብትማግጂኝ ጭሼ ጭሼ ልጅሽንም ሕፃኗንም አስለቅሳለሁ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድብኝ ማን አነሣኝ? ደክሞኛል። ተፈልጬ ፀሐይ ሳልሞቅ እሳት ፊት አልቀርብም።»

አንጓች ወገቧን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። ምድጃውን አየት አደረገች፤ ከሦስቱ ፍም አንዱ አመድ ሆኗል። መጥረቢያው ባሏ እንደሰቀለው ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል።

«መጥረቢያዬ፣ መጥረቢያዬ፣ ግንድ ፍለጥልኝ። ግንድ አልነድም አለ፤ እሳት ድስት አላሞቅም አለ፤ አራስ ልጄን ገንፎ አማራት!»

«አልፈልጥም» አለ መጥረቢያ። «ባልሽ ከሞተ ወዲህ ማን ሳለኝ? ዶልዱሜያለሁ። በእኔ ግንድ ከምትመቺ በማንኪያ ብትመቺው ይሻላል። እኔም ደክሞኛል፤ መሳያው ድንጋይ ይሳለኝ።»

እውነቱን ነው፤ ምን ትበለው? መሳያው ድንጋይ ከደፉ ሥር ነበር። ለመጎንበስ አንድ ጊዜ ተነፈሰች፣ ለመቃናት ሁለት ጊዜ።

«ድንጋዬ፣ ድንጋዬ፣ መጥረቢያ ሳልልኝ። መጥረቢያ ግንድ አልፈልጥም አለ፤ ግንድ አልነድም አለ፤ እሳት ድስት አላሞቅም አለ፤ አራስ ልጄን ገንፎ አማራት!»

«አልስልም» አለ ድንጋይ። «ደረቅ ለደረቅ ስንፋጭ ጥርሴን ያመኛል። ስንት ማጭድ፣ ስንት ቢላዋ ስል መሐሌ ጎድጉዶ ቀረ። ደክሞኛል። ውሃ ያርሰኝ።»

እንስራውን ብታዘነብለው ጠብ የሚል የለም። ምርኩዟን ይዛ ቁልቁል ወደ ምንጭ ወረደች። አቤት ያ ቁልቁለት! ሲወርዱት ጉልበት ይበላል፣ ሲወጡት የተረፈውን ይጨርሳል። ይታይሽ ከኋላዋ «እማ፣ የት ሄድሽ?» ስትል ሰምታለች፤ መልስ ለመስጠት ግን ትንፋሽ አልነበራትም።

«ውሃዬ፣ ውሃዬ፣ ድንጋይ አርስልኝ። ድንጋይ መጥረቢያ አልስልም አለ፤ መጥረቢያ ግንድ አልፈልጥም አለ፤ ግንድ አልነድም አለ፤ እሳት ድስት አላሞቅም አለ፤ አራስ ልጄን ገንፎ አማራት!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዳገቱን አይተሽዋል?» አለ ውሃ። «ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ሽቅብ ሄዶ አያውቅም። ከተራራው እዚህ እስክደርስ ደክሞኛል። የሚሸከመኝ አምጪ።»

ራሷ እንዳትሸከም ጀርባዋ እምቢ ብሏል። አህያዋ ከምንጩ ዳር ተኝታ ጆሮዋን ብቻ ታወዛውዛለች።

«አህያዬ፣ አህያዬ፣ ውሃ ተሸከሚልኝ። ውሃ ድንጋይ አላርስም አለ፤ ድንጋይ መጥረቢያ አልስልም አለ፤ መጥረቢያ ግንድ አልፈልጥም አለ፤ ግንድ አልነድም አለ፤ እሳት ድስት አላሞቅም አለ፤ አራስ ልጄን ገንፎ አማራት!»

አህያ አልተነሳችም። «ልጅሽን እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች፣ ጨዋ ናትና። «ግን አልሸከምም። ሰው ሲደክመው ዐረፈ ይባላል፤ አህያ ሲደክማት ሰነፈች ትባላለች። እኔ ዛሬ ሰንፌያለሁ። የሚያስነሳኝ ካለ ይምጣ።»

አንጓች ምርኩዟን ከፍ አድርጋ አየችው። ከደረቅ ወይራ የተቆረጠ ነው፤ ባሏ ነው የቆረጠላት፣ እጇ ይዞት ይዞት ልዟል።

«ምርኩዜ፣ ምርኩዜ፣ አህያ ምታልኝ። አህያ ውሃ አልሸከምም አለች፤ ውሃ ድንጋይ አላርስም አለ፤ ድንጋይ መጥረቢያ አልስልም አለ፤ መጥረቢያ ግንድ አልፈልጥም አለ፤ ግንድ አልነድም አለ፤ እሳት ድስት አላሞቅም አለ፤ አራስ ልጄን ገንፎ አማራት!»

«አልመታም!» አለ ምርኩዝ፣ ቆጣ ብሎ። «ከምጡ መደብ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ምንጭ ማን ደገፈሽ? ደግሞ አህያ ልምታ? እኔ ምርኩዝ እንጂ ዱላ አይደለሁም። ደክሞኛል።»

«እንግዲያው እሳት ይብላህ!» አለች አንጓች።

«የትኛው እሳት?» አለ ምርኩዝ።

አንጓች ያንኑ ምርኩዝ ተደግፋ ዳገቱን ወጣች። የሚደገፉትን እየተሳደቡ መሄድ እንዴት ያለ ነው መሰላችሁ! ቤት ስትገባ ከሦስቱ ፍም የቀረው አንድ ነው፤ እሱም ዐይኑን ሊከድን ጭል ጭል ይላል። አጎንብሳ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ እንዲህ አለች፦

«እሳቴ፣ እሳቴ፣ ምርኩዝ ብላልኝ። ምርኩዝ አህያ አልመታም አለ፤ አህያ ውሃ አልሸከምም አለች፤ ውሃ ድንጋይ አላርስም አለ፤ ድንጋይ መጥረቢያ አልስልም አለ፤ መጥረቢያ ግንድ... ምን ነበረ... አዎ፣ ግንድ አልፈልጥም አለ፤ ግንድ አልነድም አለ፤ እሳት ድስት አላሞቅም አለ...»

እሳት ድስት አላሞቅም ስትል ግን እሳት አልነበረም። ነገሩ ረዘመ፣ ፍሙ አልጠበቀም፤ ገና እያወራች ጠፋ። እኔ ተራቹ እንኳ ደክሞኛል፣ ፍሙ ምን ያድርግ?

አንጓች አመዱ አጠገብ ቁጭ አለች። ዞራ ዞራ የመጣችው ወደ ተነሳችበት ነው። እሳት ቢኖር ምርኩዝ ይፈራ ነበር፤ ምርኩዝ ቢፈራ አህያ ትነሳ ነበር፤ ሁሉም ቢነሳ ደግሞ እሳት ይኖር ነበር። የቀረው አንድ መንገድ በአጥሩ ማዶ ነው፤ እሱን ደግሞ ማርያምን ብላ በገዛ አፏ ዘግታዋለች።

ይታይሽ ከመደቡ ላይ ሆና ሁሉን ስትሰማ ቆይታለች።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ገንፎው ይቅርብኝ። ግን ፀሐይ ወጣ እኮ፤ ልጄን እስካሁን ማንም እልል አላለላትም። ቤቱ አልፈለጋትም ወይ?»

ይህች ንግግር አንጓችን ከጀርባዋ ሕመም የባሰ ወጋቻት። ስለ ድስት ስትሮጥ፣ ስለ ግንድ ስትጨነቅ፣ የልጅ ልጇን ፊት እንኳ ጠግባ አላየችም። «አፈር ልብላልሽ ልጄ!» አለች። «ማን አልፈለጋትም? እኔ አያቷ እያለሁ ማን ነው የማይፈልጋት?»

ገንፎ የለም፣ እሳት የለም፣ እንግዳ ቢመጣ የሚቀመስ የለም። ይሁን! ምርኩዟን ተደግፋ ደፉ ላይ ቆመች።

«እልልልልል!» አለች። አንድ።

«እልልል!» አለች። ሁለት።

ሦስተኛውን ልትል አየር ስትስብ ዕንባዋ ቀደማት። አፏ ተከፍቶ ድምፅ አልወጣም። ሁለት እልልታ ደግሞ የማንም አይደለም፤ ለሴት ያንሳል፣ ለወንድማ ጨርሶ አይወራም። አንጓች እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ «እልልልልልልል!» ተባለ። ሦስት።

ወዲያው ሙጪት አጥሩን ዞራ ከተፍ አለች። በእጇ በገል ሙሉ ፍም ይዛለች፣ በጀርባዋ እንጨት አዝላለች፣ አፏ ደግሞ ከደጅ ጀምሮ አልተዘጋም።

«አንቺ አንጓች! አንቺ ልበ ደንዳና! ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ ጆሮዬን አጥር ላይ ሰክቼ ቆሜያለሁ። ምጡን ሰማሁ፣ የሕፃኗን ልቅሶ ሰማሁ፤ እልልታው ጠፋ። ይታይሽ ምን ሆነች ብዬ ልቤ ሊቆም! ሳልጠራ አልመጣም ብዬ ምያለሁ፣ እግሬ ተሳሰረ። እልልታ ነው ጥሪው! ምን ያስጠብቅሻል?»

«እሳት የለኝም፣ ሙጪት» አለች አንጓች፣ አሁን ዕንባዋን ሳትደብቅ። «ፍምም ካንቺ ላልጭር ምያለሁ።»

«አልጫርሽማ! እኔ ነኝ ይዤ የመጣሁት። ማርያምም ዐይን አላት፣ ታያለች።»

ገብታ ይታይሽን ግንባሯን ሳመቻት፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። ከዚያ የተሸከመችውን ምድጃው ፊት ዘረገፈችው። ከላይ የክትክታ ጭራሮ፣ ከሥር የግራር ፍልጥ። ሁለቱን ፍልጥ አንሥታ አጋጨቻቸው፤ «ቀው» አሉ።

«ይህ ለይታይሽ አራስ ቤት ብዬ ከግንቦት ጀምሮ ከጣሪያ ሥር ያደረቅሁት ነው» አለች። «ከተጣላን በኋላ በንዴት ልማግደው ስንቴ አነሳሁት መሰለሽ። እጄ እምቢ አለኝ።»

አያችሁ? እጅም እምቢ ይላል። የዚያን ቀን እምቢ ካሉት ሁሉ ደጉ እምቢታ ይህ ብቻ ነበር። አንጓች የሙጪትን እጅ ያዘችና ለጥቂት ጊዜ አልለቀቀችውም።

ሙጪት ፍሙን አመዱ ላይ አፈሰሰች። ክትክታውን በቀጭኑ ሰብራ አለበሰችው፤ ትንፋሽ እንዲያገኝ ሁለት ፍልጥ አጠላልፋ አቆመች። አንዴ እፍ፣ ሁለቴ እፍ፤ ቦግ!

እሳት ተነሥቶ ተንጠራራና ምርኩዝ ልብላ ብሎ ምላሱን አወጣ። ምርኩዝ ደንግጦ ሮጠና አህያን ቸብ አደረጋት፤ አህያ «ካላችሁማ» ብላ ተነስታ ውሃ ተሸከመች፤ ውሃ ግማሹ ድስት ገባ፣ ግማሹ ድንጋይ አራሰ፤ ድንጋይ መጥረቢያ ሳለ፤ መጥረቢያ ግንድ ፈለጠ፤ ግንድም ሆዱ ለሁለት ተከፍቶ፣ ነጭ ሆኖ፣ «በቃ፣ ልንደድ!» አለ።

«አንተ ደግሞ ዐርፈህ ተቀመጥ!» አለችው ሙጪት። «በአራስ ቤት ብሳና አይነድም። እኛን ያስለቀስከን ይበቃል፣ የሕፃኗን ዐይን አትነካትም።» ወደ አንጓች ዞረች። «ፍልጡን በግድግዳው ላይ አስደግፈን ፀሐይ እናሙቀው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ያኔ ታኅሣሥ ነው፣ ደርቆ ቀው ይላል። ደጅ ላይ ለድግሱ ድስት ይነዳል።»

«የማን እንጨት ተብሎ?» አለች አንጓች። ይህን ጥያቄ ሁለት ወር ተኩል ይዛው ከርማለች።

«የሷ ነዋ!» አለች ሙጪት፣ በአገጯ ሕፃኗን እያሳየች። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ውሃው ፈላ። ሙጪት ዱቄቱን በተነች፣ አገላበጠች፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬ ሞላችው። ይታይሽ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትውጥ ዐይኗን ጨፈነች። «እማ፣ ሞቀኝ» አለች። ሦስት እልልታ የቆጠሩት የመንደሩ ሴቶችም መጡ፤ ወደ አራስ ቤት ባዶ እጅ አይገባምና አንዷ ቅቤ፣ አንዷ ዱቄት፣ አንዷ በብብቷ ሦስት ደረቅ እንጨት ይዛ ገባች። እሳት የሌለበት ቤት ያለ ማንም የለም። አንጓች ማንኪያ እንደያዘች፣ ጀርባዋን ለምሰሶው ሰጥታ፣ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

እንግዶቹ ከተበተኑ በኋላ ሙጪት የቀረውን ፍም ሰብስባ በአመድ ዳፈነችው፣ እስከ ነገ እንዲቆይ። ባዶ ገሏን አንሥታ ልትወጣ ስትል አንጓች ዐይኗን ገለጥ አደረገች።

«ሙጪት፣ ላንቺ ምድጃ ምን አስቀረሽ?»

«ምንም» አለች ሙጪት። «ያለኝን ጠርጌ ነው ያመጣሁት። ነገ ጠዋት ካንቺ ነው የምጭረው።»

«ማርያምን ትጭሪያለሽ!» አለች አንጓች፤ አለችና ተመልሳ ተኛች።

ተረቴን እኔም በአመድ ዳፍኜዋለሁ፤ ፍም የጎደለው ይጫር። እኔስ ደክሞኛል፤ ገንፎ የተረፈ እንደሆነ ቀስቅሱኝ።